የበራሪው ሰው ጨርቅ

በራሪውን ሰው ወደ አቃቂ ያመጣው ተምር ነው። አባቴ ባቡር ጣቢያው ውስጥ ይሠራ ነበር፤ የሐዲድ መቀየሪያውን ይጎትታል፣ ስልክ ያነሳል፣ ባንዲራ ያውለበልባል። ከድሬዳዋ የሚመጡ የባቡር ሠራተኞች ሲያልፉ አንዳች ነገር ሳያቀብሉት አይሄዱም። አንዱ ሎሚ፣ አንዱ ሳሙና፣ አንዱ ተምር። ያን ቀን የመጣው ተምር ግን በተለመደው ጋዜጣ አልተጠቀለለም፤ ባለ ቀለም ሥዕል በሞላበት ወረቀት ነበር። ተምሩን በልተን ስንጨርስ እትዬ ወረቀቱን ለእሳት ማያያዣ ልታነሳው ስትል አባቴ እጇን ያዛት።

"ተይ እስቲ፣ ይሄ ሰውዬ ይበራል" አላት።

"ይብረራ! እኔ እሳቴን ላያይዝበት" አለች። ግን ተወችለት።

እትዬ የምላት ያሳደገችኝን ሴት፣ የአባቴን ሚስት ነው። አባቴ የምለውም ያሳደገኝን ሰው ነው። እንግዲህ እሱን አባቴ እያልኩ እሷን ለምን እማዬ እንዳላልኳት መናገር ሊኖርብኝ ነው። ደስ የሚል ወሬ አይደለም፤ የተምሩ መጠቅለያም አለበት።

ወረቀቶቹ አራት ነበሩ። ከአንድ መጽሔት የተቀደዱ ናቸው፤ በተምሩ ማር ተጣበቁ እንጂ እርስ በርስ የሚያያዛቸው ነገር አልነበረም። አንደኛው ጎናቸው ጠቁሮ ጠፍቷል፤ በሌላው ላይ ሥዕሎቹ ደህና ይታያሉ፤ በየራስጌያቸውም አንድ ሰው ቀይ ጨርቅ አንገቱ ላይ አስሮ ይበራል። ከሰዎቹ አፍ ደመና የመሰለ ነገር ወጥቶ ውስጡ ፈረንሳይኛ ተጽፎበታል። አባቴ ፈረንሳይኛ ይችላል ተብሎ በሰፈሩ የተከበረ ሰው ነበር፤ የሚችለው ግን የባቡር ፈረንሳይኛ ነው። ደረሰ፣ ተነሳ፣ ዘገየ፣ ተበላሸ። ከዚህ ያለፈ ነገር ከተጠየቀ ጢሙን መነካካት ይጀምራል። ወረቀቶቹን አደራርቆ መደርደሪያው ላይ አስቀመጣቸውና ለጥቂት ቀን ተረሱ።

ያን ጊዜ ስምንት ዓመቴ ነው። ጣቢያው ውስጥ ባለቤቱ ያልመጣ ዕቃ የሚቀመጥበት አንድ ጠባብ ክፍል ነበረ፤ ሰው የረሳው ሻንጣ፣ የተረሳ ዘንቢል፣ አንድ ጊዜም የማን እንደሆነ ያልታወቀ ክራር ገብቶበት ነበር። እኛ የባቡር ሠራተኞች ልጆች በመስኮቱ እያጮለቅን "ይሄ የእኔ፣ ያ የአንቺ" እንባባላለን። አንድ ቀን በዚያ ክራር ከአንዲት ጓደኛዬ ጋር ተጣላን። ፀጉሯን ጎተትኩት። እሷም እያለቀሰች፦

"አንቺ ራስሽ ባለቤት ያጣ ዕቃ አይደለሽ? ባቡር ጥሎሽ ነው የሄደው፤ እናቴ ነግራኛለች!" አለችኝ።

ቤት እየሮጥኩ ገባሁ። ሁለቱም ነበሩ። ያለችኝን ነገርኳቸውና "ውሸቷን ነው በሉኝ" አልኩ። እነሱ ተያዩ። ያን መተያየት ሳስበው ከስድቡ የባሰው እሱ ነው፤ ሲተያዩ አወቅሁ። ከዚያ አባቴ አስቀመጠኝና እውነቱን ነገረኝ። የሦስት ወር ልጅ ሳለሁ ከሦስተኛ ማዕረግ ወንበር ሥር ተገኝቼ፣ ተቆጣጣሪው መንገደኛውን ሁሉ ጠይቆ የእኔ ናት የሚል ሲጠፋ፣ አቃቂ ላይ ለአባቴ አስረክቦኝ ሄደ። አባቴም ለአንድ ቀን ብሎ ቤት ወሰደኝ። አንዱ ቀን ስምንት ዓመት ሆነ።

"እናቴ ጥላኝ ነው?" አልኩት።

ጥያቄዬን ደጋገምኩት፤ ጥላኝ ነው? ጥላኝ ነው? ሌላ ነገር አልፈለግሁም። ልጅ ነበርኩ እንጂ በመጣልና በመላክ መካከል ያለውን ልዩነት ያን ጊዜም ጠንቅቄ አውቀዋለሁ፤ ጣቢያ ውስጥ ነው ያደግሁት። የተላከ ዕቃ ተቀባይ አለው። የተጣለ ጠባቡ ክፍል ይገባል።

አባቴ ተነሳና አራቱን ወረቀቶች ከመደርደሪያው አወረደ። አልጋው ላይ በተርታ ዘረጋቸው፤ አንዱን አነሳ፣ መለሰ፣ ቦታ አቀያየረ። ከዚያ ጉሮሮውን ጠራረገ።

"ይሄ ሰውዬ አገሩ እዚህ አይደለም" አለ። "ከሰማይ ወዲያ ያለ አገር ነው። አባቱ የተማረ ሰው ነበር። አንድ ቀን ጆሮውን መሬት ላይ ለጠፈ፤ አንቺ ባቡር ሳይታይ ሐዲዱ ላይ ጆሮሽን እንደምትለጥፊው። ምን ሰማ? አገሩ ከሥር ሲሰነጠቅ። ሄዶ ለሽማግሌዎቹ 'ልንፈርስ ነው' አላቸው። እነሱም 'ትምህርት አዙሮብሃል' ብለው ሳቁበት።"

"ከዚያስ?"

"ከዚያማ አንዲት ፉርጎ ሠራ። ለሦስት ሰው የምትሆን ለመሥራት ጊዜ የለውም፤ ለአንድ ሕፃን የምትበቃ ብቻ። እናትየውን ተመልከቻት።" በመጀመሪያው ወረቀት ላይ አንዲት ሴት ጉልበቷ ላይ ትልቅ ቀይ ጨርቅ ዘርግታ አቀርቅራለች። "ከራሷ ላይ አውልቃ በዚያ ጨርቅ ልጇን ልትጠቀልለው ነው።"

"ለማንም ሳይናገሩ ዝም ብለው ላኩት?"

አባቴ ተቆጣ፤ ከልቡ ነው የተቆጣው። "በምን ሕግ! ባቡር ሳይጠየቅ ይላካል እንዴ? ከደብረ ዘይት 'ልላክ?' ሳይሉን፣ እኔም 'ላክ' ሳልል የተነቃነቀ ባቡር አይተሽ ታውቂያለሽ? አባትየው ስልኩን አንስቶ የሰማዩን ጣቢያ ሁሉ ጠየቀ። አንዱ 'መስመሩ ተይዟል' አለው። አንዱ 'አለቃዬን ልጠይቅ' አለው። አንዱ ጭራሽ አላነሳም። በስተመጨረሻ ልጅ የሌላቸው ሁለት ገበሬዎች፣ ባልና ሚስት፣ 'ላክ' አሉት።"

ገበሬዎቹ ያሉበትን ወረቀት አሳየኝ። ፉርጎዋ እርሻቸው መሀል ወድቃለች፤ ሽማግሌውና አሮጊቷ ሕፃኑ ላይ ጎንበስ ብለዋል። በአባቴ አተራረክ እርሻው ከወንዙ ማዶ ያለው የጤፍ ማሳ ሆነ። ልጁ አደገ፤ ገደል የገባ በሬ በአንድ እጁ አወጣ፤ ከሐዲድ የወጣ ባቡር አንስቶ መለሰ። መብረር ሲጀምርም ሰው እንዳይፈራው ብሎ ለማንም አልተናገረም።

"ቀዩን ጨርቅ ግን ከአንገቱ አይለየውም" አለ አባቴ።

"ለምን?"

"እናቱ ድንገት ብታየው እንድታውቀው ነዋ!"

አሁን ሳስበው እዚያ ላይ ማቆም ነበረብኝ። እኔ ግን የጀመርኩትን ሳልጨርስ የማልለቅ ልጅ ነበርኩ። "እኔንስ? እኔን በምን ጠቅልላ ላከችኝ?" አልኩት።

አባቴ ጢሙን ነካካ። እስከዚያ ድረስ ግድግዳውን ተደግፋ ስትሰማ የነበረችው እትዬ ናት ጓዳ የገባችው። የሳጥኗ ማጠፊያ ሲጮህ ተሰማኝ። ስትመለስ ነጭ ነጠላ ይዛለች፤ ጥለቱ አረንጓዴ ነው፣ መሀሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ወርቅማ መስመር አለው። እንዲህ ያለ የሚያምር ነገር ቤታችን ውስጥ መኖሩን አላውቅም ነበር። ጭኔ ላይ አስቀመጠችልኝ።

"በዚህ" አለችኝ። "አቧራ እንዳታስነኪው።"

በማግስቱ ነው እማዬ ማለት ያቆምኩት። ቃሉን ለምትመጣዋ ሴት አስቀመጥኩት። ያሳደገችኝን እትዬ አልኳት፤ እንደ ጎረቤት ሴት፣ እንደ ታላቅ እህት። አባት ይመጣል ብሎ የነገረኝ ሰው ስለሌለ አባቴ አባቴ እንደሆነ ቀረ። መጀመሪያ የጠራኋት ዕለት ሽንኩርት እየከተፈች ነበር። ቀና ብላ አየችኝ፣ "እንዳሻሽ" አለችኝና መክተፏን ቀጠለች። ጨካኝ ልጅ ነበርኩ ብዬ ብቻ ማለፍ እችላለሁ፤ ግን ጭካኔ አልነበረም። ናፍቆት ነበር። የማላውቃትን ሴት እስኪያመኝ ድረስ እናፍቅ ነበር። ድምፅዋ ምን ይመስላል? ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች? እኔ እሸፍናለሁና ከማን እንደወረስኩት ማወቅ ፈለግሁ።

የመንገደኛ ባቡር በሚመጣበት ቀን ሁሉ ነጠላውን ልክ እንደ በራሪው ሰው አንገቴ ላይ አስሬ ጣቢያው ላይ እቆማለሁ። ጥለቱ ከኋላዬ ይንጠለጠላል። መስኮቶቹ አንድ በአንድ ሲያልፉ የሴቶቹን ፊት ሁሉ አያለሁ። ልጆቹ ሳቁብኝ፤ ኋላ ሰለቻቸውና ተዉኝ። እትዬ አልሳቀችም። በዋዜማው ነጠላውን በእንዶድ አጥባ፣ ከግቢያችን አጥር ላይ አስጥታ፣ ከሰፈሩ ፋብሪካ የሚወጣው ጥላሽት እንዳያርፍበት አጠገቡ ቁጭ ብላ ትጠብቃለች። ጥላሽቱን ስትሳደብ ሰው የምትሳደብ ነው የሚመስለው። ጠዋት አጥፋ ትሰጠኛለች። አንገቴ ላይ አጥብቄ ሳስረውም፦

"ሲሉ ሰምታ ዶሮ ታንቃ ሞተች አሉ፤ ላላ አድርጊው!" ትለኛለች።

አንድ ቀን፣ ዐሥር ዓመት ሳይሞላኝ ነው፣ ባቡሩ እንደቆመ አንዲት ሴት ከመስኮት አንገቷን አውጥታ አፈጠጠችብኝ። አየችኝ ማለት አይደለም፤ ነጠላውን ነው ያየችው። "ነይ እስቲ" ብላ በእጇ ጠራችኝ። ሄድኩ። እጇን በመስኮቱ ዘርግታ የጥለቱን ጠርዝ በሁለት ጣቶቿ ያዘች፤ አሸት አሸት አደረገችው። ከዚያ ፊቴን አየች።

"ማን ሸመነው? እንዴት ያምራል!" አለችኝ።

አባቴ ባንዲራውን አወዛወዘ፣ ባቡሩ ተነሳ፣ ሴትየዋም ጥለቱን ለቀቀችው። ቤት ሄጄ ለእትዬ እያለቀስኩ "ነካችው! በእጇ ነካችው!" አልኳት።

"ምን አለች?"

"ያምራል አለች።"

"ያምራል እንጂ!" አለች እትዬ። ፊቷ ላይ ያየሁት ነገር ያኔ አልገባኝም፤ ሰው እንዲህ እያለቀሰ የምን ፈገግታ ነው ብዬ ተቀየምኳት።

ዓመታት ሄዱ። ቁመቴ ሲጨምር ነጠላውን አንገቴ ላይ ማሰሩን ትቼ እንደ ትልቅ ሰው አጣፋው ጀመር፤ ጣቢያ መሄዱን ግን አልተውኩም። ዐሥራ ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ድሬዳዋ ድረስ ሄጄ በየጣቢያው እየወረድኩ ልጠይቅ ብዬ ተነሳሁ። እትዬ በሩ ላይ ቆማ "ሞቼ ነው!" አለች። እኔም "እናቴ ብትሆኚ ኖሮ አትከለክይኝም ነበር" አልኳት። የተናገርኩትን እንደተናገርኩ ነው የማስታውሰው፤ አንድ ቃል አልረሳሁም። እትዬ ከበሩ ዞር አለችልኝ። አልሄድኩም። በማግስቱ ጠዋት ስነሳ ነጠላው ታጥቦ አጥሩ ላይ ተሰጥቷል። ባቡር የሚመጣበት ቀን አልነበረም።

ባቡሩም ዓመት በሄደ ቁጥር እየሳሳ መጣ፤ ኋላም ቀረ። አባቴ ባቡሩ ከመቆሙ በፊት ነው ያረፈው፤ እንኳንም ይህን አላየ። ሕመሙ ሲጠናበት አጠገቡ ቁጭ ብዬ "እውነት ያኔ 'ልላክ?' ያለ ሰው ነበር?" ብዬ ጠየቅሁት። ሠላሳ ዓመት ያለፈኝ ሴት ነኝ እኮ፤ ግን ጠየቅሁት።

"እኔ 'ላክ' ብያለሁ" አለኝ። "እትዬሽም 'ላክ' ብላለች። ሌላውን ተይው።"

ቃሊቲ አንድ መጋዘን ውስጥ ጸሐፊ ሆኜ ስሠራ ኖርኩ። ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ሲደርሰኝ እትዬን ይዣት ልገባ ለመንኳት። "አራተኛ ፎቅ? እኔ መብረር አልችል" ብላ አቃቂ ቀረች። ቅዳሜ ቅዳሜ ታክሲ እየቀያየርኩ እሄድላት ነበር። ሣር በበቀለበት ሐዲድ ላይ ተሻግሬ ስመጣ በር ላይ ቆማ አገኛታለሁ። አንድ ቅዳሜ በር ላይ አልነበረችም።

ዐርባዋ ሊወጣ ሁለት ቀን ሲቀረው ልብሷን ለነዳያን ለመስጠት ሳጥኗን ከፈትን፤ እኔና ከልጅነቴ ጀምሮ ግድግዳ የምንጋራት ጎረቤታችን። ያ ማጠፊያ እንደ ድሮው ጮኸ። ከሥር በአሮጌ አንሶላ የተጠቀለለ ነገር ነበር። ስፈታው የሐበሻ ቀሚስ ነው። ጥለቱ አረንጓዴ፣ መሀሉ ላይ እንደ ክር የቀጠነ ወርቅማ መስመር።

"ምነው ደነገጥሽ?" አለችኝ ጎረቤታችን። "የሠርጓ ነው። ከነነጠላው አብሮ የተሸመነ።"

"ነጠላውማ እኔ የተጠቀለልኩበት ነው" አልኩ።

"ማን አለሽ? አንቺማ በጆንያ ነው የመጣሽ፤ በስኳር ጆንያ። እሷ ናት ወስዳ ያቃጠለችው፤ እኔ ነኝ ክብሪት ያቀበልኳት። 'ይሄን አድጋ እንዳታየው' አለችኝ።"

ከቀሚሱ እጥፋት ውስጥ አራቱ ወረቀቶች ወጡ። ደርቀዋል፤ ተምር ተምር ይሸታሉ ብል ውሸት ይሆናል፣ የሚሸቱት ሳጥን ሳጥን ነው። በልጅነቴ ሥዕሉን እንጂ ሌላውን አላየሁም ነበር፤ አሁን እያንዳንዱ ግርጌ ላይ ቁጥር እንዳለ አየሁ። በቁጥሩ ተራ ደረደርኳቸው። አገር ሲፈርስ፣ ፉርጎዋ ስትወጣ፣ ገበሬዎቹ ሕፃኑን ሲያገኙ። ቀይ ጨርቅ የያዘችው ሴት መጨረሻ ላይ መጣች። ፀጉሯ ሽበት ነው። ያደረገችው ሽርጥ የገበሬው ሚስት ያደረገችው ነው። እጇ ላይ መርፌ አለ። እየጠቀለለች አልነበረም፤ እየሰፋች ነበር። ጨርቁን ያለበሰችው ያሳደገችው ሴት ናት።

አባቴ ፈረንሳይኛውን አላነበበውም ይሆናል። ቁጥር ግን ዕድሜውን ሙሉ ባቡር በቁጥር ሲጠራ የኖረ ሰው ሊስተው አይችልም። አውቆ ነው ያቀያየረው፤ የላከች እናት ስፈልግ ጊዜ ከኋላ አንስቶ ከፊት አስቀመጠልኝ። እትዬም ይህን ቆማ ሰምታ፣ ሳጥኗን ከፈተች።

መጀመሪያ የመጣብኝ ንዴት ነው። ያን ሁሉ ዓመት ማንም በማያውቀው ምልክት ጣቢያ ላይ አቆሙኝ ብዬ ተናደድኩ። ቀጥሎ እንዶዱ ትዝ አለኝ። ሌላ ሴት መጥታ እንድትወስደኝ ብላ፣ የራሷን የሠርግ ነጠላ፣ በዋዜማው በእጇ ታጥብ ነበር። እያጠበች፣ ጥላሽቱን እየጠበቀች፣ እትዬ እየተባለች። ቀሚሱን አፌ ላይ አድርጌ አለቀስኩ። ሰው ስናፍቅ ነው የኖርኩት፤ እንደዚያ ቀን የናፈቅሁት ሰው ግን የለም። የናፈቅኳት ደግሞ ሽንኩርት ስትከትፍ አጠገቧ የነበርኩት ሴት ናት።

በዐርባዋ ዕለት ነጠላውን ዘቅዝቄ ለበስኩት። ዕድሩ ድንኳን ጥሏል፤ ሰው እየገባ እየወጣ ነው። ረፋዱ ላይ ከሞጆ ወዲያ ካለ ገጠር፣ ከእትዬ የትውልድ ቀዬ፣ አንዲት ባልቴት መጡ፤ መርዶው ዘግይቶ ነው የደረሳቸው። አይተውኝ አያውቁም፣ እኔም አይቻቸው አላውቅም። በሰው ክንድ ተደግፈው ከድንኳኑ በር ቀጥታ ወደ እኔ መጡ። የነጠላዬን ጠርዝ በሁለት ጣታቸው ያዙ፤ አሸት አሸት አደረጉት።

"የዚህን ጥጥ የፈተልኩት እኔ ነኝ" አሉ። "አንድ ክረምት ሙሉ፤ ለሠርጓ። አሁንም አልሳሳም!"

"አልሳሳም፤ ትጠነቀቅለት ነበር። የእማዬ ነው" አልኳቸው።

ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ለራሴም እንግዳ ሆነብኝ። ባልቴቷ ጉንጬን ሳሙኝ፤ ቀና ብለውም ደህና አድርገው አዩኝ።

"ልጇ መሆንሽን ማን ይነግረኛል" አሉኝ፤ "ገና ከበሩ ሳይሽ አወቅሁሽ።"